እናቴ ፈረስ ናት

መኪና ለመግዛት የተነሣ ሀበሻ ሁለት ጥያቄ ይዞ ነው የሚነሣው። አንደኛውን ጮክ ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለተኛውን ለራሱ ያንሾካሹካል። ጮክ ብሎ የሚጠይቀው «ነዳጅ ትበላለች ወይ? መለዋወጫዋ እንደ ልብ ይገኛል? ዳገት ላይ እንዴት ናት?» የሚለውን ነው። የሚያንሾካሹከው ደግሞ «ከዚህች ስወርድ ያየኝ ሰው ምን ይላል?» የሚለውን። ጎበዝ ደላላ ጆሮው ለሁለተኛው ጥያቄ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ስለ ሞተሩ ሁለት ቃል ተናግሮ ስለ ቁመናዋ ግማሽ ሰዓት የሚያወራው።

ሞተሩን ለመካኒኮቹ እንተወውና ዛሬ ስለ አካሏ እናውራ። ባትላሜራው ስለሚቀጠቅጠው፣ ቀለም ቀቢው ስለሚያብለጨልጨው፣ ሰው ከሩቅ አይቶ «እከሌ መጣ» ስለሚልበት ቅርጽ። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረ ጊዜ ተማሪዎቼ አንድ ልብ ወለድ አንብበው ሲመጡ የምጠይቃቸው አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ፤ «ገጸ ባሕርዩ በምን ይሄዳል?» የምትል። መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። ውሎ ሲያድር ግን በእግሩ የሚሄደውና በበቅሎ የሚሄደው፣ በአውቶቡስ የሚጋፋውና በመርቸዲስ የሚንፈላሰሰው ገጸ ባሕርይ ዓለምን የሚያየው ከተለያየ ከፍታ ላይ ሆኖ እንደሆነ ይገባቸዋል። የአገርም ታሪክ እንደዚያው ነው። ማን በምን ሄደ ብሎ የጠየቀ ሰው ማን ማንን ገዛ የሚለውን ግማሽ መንገድ ደርሶበታል።

መኪናው ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ካላየን የመኪናው ነገር አይገባንም። በድሮው ሥርዓት እንስሳቱ የሥራ ክፍፍል ነበራቸው፤ አህያ ለጭነት፣ ፈረስ ለጦርነትና ለጉግስ፣ በቅሎ ለክብር ጉዞ። ጀግናው ስሙን ከፈረሱ ይወስዳል፤ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ኃይለ ሥላሴ «አባ ጠቅል» የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። ረጅም መንገድ ሲሆን ግን መኳንንቱም፣ ካህኑም፣ እመቤቲቱም ከበቅሎ ጀርባ ላይ ነበሩ። ለምን ቢባል አገሩ ዳገትና ገደል ነው። በቅሎ እግሯን የት እንደምታሳርፍ ታውቃለች፤ አካሄዷ አይንጥም፤ በትንሽ መኖ ብዙ ትሄዳለች። ዛሬ የመኪና ሻጭ በሚያብረቀርቅ ወረቀት አትሞ የሚያድለውን ባሕርይ ሁሉ አሟልታ ነበር። በዚያ ላይ ኮርቻዋ፣ ግላሷ፣ መጣብሯ ያንጸባርቃል፤ አሽከሩ ከፊትም ከኋላም ይሮጥላታል። በዚህ አገር የመጓጓዣ ታሪክ ውስጥ ጥቅምና ታይታ ሳይጣሉ አንድ ጀርባ ላይ ተቀምጠው የሄዱት በበቅሎ ዘመን ብቻ ነው ባይ ነኝ።

እሷ ራሷ ግን ይህ አልበቃትም። «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። አህያውን አባቷን መደበቋ ነው። ጽናቷንና ጥንቃቄዋን የወረሰችው ግን ከዚያው ከምታፍርበት አባቷ ነው። ይህችን ተረት ያዙልኝ፤ ከባለ ሞተሮቹ ጋር ትመለሳለች።

የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ አስነሥቶ፣ ለበቅሎ እንጂ ለጎማ ያልተሠራውን አገር አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ አመጣላቸው። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልዝ የሚባል ጀርመናዊ «ናከ» የተባለች የአገሩን መኪና ይዞ ተከተለ። እስቲ አስቡት። ያች ሲድሌይ ከንጉሡ በቅሎ ጋር ብትወዳደር በመጀመሪያው ወንዝ ትሸነፍ ነበር። ግን የተፈለገችው ለወንዝ አልነበረም። ስልክ ያስገቡ፣ ባቡር ያስጀመሩ ንጉሥ «እኛም አለን» የሚሉባት ነበረች። እንግዲህ መኪና እዚህ አገር ሲገባ ገና ከመነሻው የገባው በታይታ በር ነው፤ በጥቅም በር የገባው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያውም በጠላት እጅ ነው።

ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የሄዱት በመኪና አልነበረም፤ ቀድሞ የጀርመኑ ቄሣር ነበረ በሚባል ሠረገላ እንጂ። ከዚያ በኋላ ግን የዘመናቸው መልክ ሮልስ ሮይስና መርቸዲስ ሆነ። አቤቱታ ያለበት ድሃ ወረቀቱን ይዞ የሚጠብቀው መኪናው በሚያልፍበት መንገድ ዳር ነበር። እዚህ ላይ የመኪናው ቅርጽ ራሱ ሥራ ነበረው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ የኋላ ወንበሩ እንደ ዙፋን የተቀመጠ መሆን ነበረበት። ንጉሥ ከመኪና ሲወርድ አያጎነብስማ!

ያጎነበሱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ከዙፋን መውረዳቸው ከተነበበላቸው በኋላ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ቮልስን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። በሯ ሁለት ብቻ ነው። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊቱ ወንበር ታጥፎለት፣ ጎብጦ፣ ጉልበቱን ሰብስቦ ነው የሚገባው። መኮንኖቹ ጂፕም ላንድሮቨርም ነበራቸው፤ የጃንሆይ የራሳቸው መኪኖችም እዚያው ግቢ ነበሩ። እንግዲህ አንድን ንጉሠ ነገሥት ተራ ሰው ለማድረግ ያንን ሁሉ አዋጅ ከማንበብ ይልቅ ከሁለት በር መኪና ኋላ ማስገባት ይበልጥ ሠርቷል። የመኪናዋ ስም በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ መፈክር ደርግ በአሥራ ሰባት ዓመቱም አልጻፈም።

ቤተ መንግሥቱን ትተን ወደ ቡናው አገር እንውረድ። መኪናን ለሥራ ያየነው ከ1928 ዓ.ም. ወረራ ጋር በመጡት የጣሊያን ካሚዮኖች ነው። «ትሬንታ ኳትሮ» የምንለው ስሙ ፊያት 634 ነው፤ የሞዴሉ ቁጥር ጅራት ቀርቶልን ስም ሆነ። የመኪናን አካል የምንጠራበት ቋንቋ ሁሉ ከዚያ ዘመን ነው የተረፈን፤ ጋቢና፣ ኮፋኖ፣ ፓራውልት፣ ስፖንዳ፣ ባሌስትራ፣ ፖርቶ መጋላ። የሚጠግነውም ሰው ባትላሜራ፣ ኤሌትራውቶ፣ ጎሚስታ ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ እነዚህ ሁሉ የላብ ቃላት ናቸው፤ የሚሸከም፣ የሚነጥር፣ የሚቀጠቀጥ ነገር ስሞች። የምቾቱና የታይታው ቃላት ደግሞ ዘግይተው በእንግሊዝኛ መጡ፤ «ፉል ኦፕሽን»፣ «ሰንሩፍ»፣ «ሌዘር ወንበር»። የአንድ አገር የመኪና ፍቅር ታሪክ በሁለት ቋንቋ ሲከፈል እንዲህ ነው። አንድ የቋንቋ ተመራማሪ ቁጭ ብሎ ቢሠራው ጥሩ መጽሐፍ ይወጣዋል።

ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር የተጀመረው የመንገድ ሥራና በዚያው ዓመት የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ቡና አምራቹን ደቡብ ከአዲስ አበባ ጋር ይበልጥ አቀራረበው። ዲላ የቡና ገበያ ናትና መንገዱ ለእሷ የደም ሥር ሆነላት። በዚህ መንገድ ላይ የነገሠው «ኤንትሬ» ነበር፤ ፊያት 682። አፍንጫ የለውም፤ ግንባሩ ደፍጣጣ ነው፤ ለዓይን የሚባል ነገር አልተሠራበትም። ቡናውን ጭኖ ይወጣል፤ ጨው፣ ጨርቅ፣ ቆርቆሮ ይዞ ይመለሳል፤ ከጭነቱ በላይ ሰው ይሳፈራል። የጌዴኦ ገበሬ ለብዙ ዘመን የሚያውቀው መኪና ይህ ነው። ቡናውን ይዞበት የሚሄድ፣ ገንዘቡን ይዞለት የማይመለስ። በ1952 ዓ.ም. ገበሬው በሚችሌ በባለ ርስቶቹ ላይ ሲነሣ ከጀርባው የነበረው ሂሳብ ይኸው የቡናው ሂሳብ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሕዝቡ የራሱን ቅርጽ እያወጣ ነበር። ሰይቼንቶዋ፣ ፊያት 600፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆነች፤ በዚያች የኤሊ ድንጋይ በምታህል ነገር ውስጥ ስንት ሰው እንደተጠቀጠቀ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ «ውይይት» መጣ። ፔዦ ፒካፕ ነው፤ ኋላው ተከድኖ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ተደረገለት። ተሳፋሪው ጉልበት ለጉልበት፣ ዓይን ለዓይን ተፋጥጦ ይቀመጣል። ስሙን ያገኘው አብዮቱ ሲፈነዳ በየቦታው ከተቋቋሙት የውይይት ክበቦች ነው ይባላል። ቅርጹ እኮ ነው ስሙን ያመጣው! በአውቶቡስ የምታዩት የሰው ማጅራት ነው፤ በውይይት ግን ፊት ነው የምታዩት። የዘመኑ ፊት ደግሞ ሁልጊዜ የሚታይ አልነበረም።

አይሱዙን ሳናነሣ ዲላን ማለፍ ነውር ነው። በ1986 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ብራዚል ውስጥ ውርጭ ቡናውን መታውና የዓለም ዋጋ ተተኮሰ። ቡና የሚሸጥ አገር ሁሉ እጁ ላይ ገንዘብ ገባ። ያን ጊዜ ደህና ያገኘ የቡና ነጋዴ የሚመኘው አይሱዙ ነበር። እኔ በዚህ ምኞት አልስቅም፤ እንዲያውም ከሁሉም የተሻለው ምኞት ይመስለኛል። ታይታውና ጥቅሙ እንደገና እንደ በቅሎዋ ዘመን ሊታረቁ የደረሱት እዚህ ላይ ነበር። ባለ አይሱዙ መባል ክብር ነው፤ አይሱዙውም ይሠራል። ችግሩ ፍጥነቱ ላይ ነው። ሌሊት ሲበር፣ ሲጋጭ፣ ሲጨርስ ሕዝቡ «አልቃይዳ» የሚል ስም አወጣለት። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የቡና ዋጋ ሲንኮታኮት ደግሞ ባለቤቱ ላይ ዕዳ ሆኖ የቆመ አይሱዙ ጥቂት አይደለም።

ያው አይሱዙ ሌላ ልጅ ወለደ፤ ቅጥቅጥ። ታሪኩ ስሙ ላይ ነው። ለዕቃ የተሠራ ሻንሲ ይመጣል፤ የአገራችን ባትላሜራ ላሜራ ቀጥቅጦ፣ መስኮት አውጥቶ፣ ወንበር በይዶ አውቶቡስ ያደርገዋል። ባሌስትራው ቡና እንዲሸከም እንጂ ነፍሰ ጡር እንዲያሳፍር አልተሠራም። አራት ሰዓት የተጓዘባት ሰው ስሙ የመኪናው ይሁን የተሳፋሪው ይጠራጠራል። ቢሆንም ቅጥቅጥን ለመናቅ አልቸኩልም። ፋብሪካ የረሳውን መንገድ ያስታወሰች እሷ ናት። ማንም የውጭ ኩባንያ ለገጠራችን መንገድ አስቦ ያልሳለውን ቅርጽ ሠፈር ውስጥ ያለ በያጅ ስሎ አወጣው። ጥፋቱ የበያጁ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ምርጫ ያላቀረበለት ሁሉ ድርሻ አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ወደ ላንድክሩዘር። ይህ መኪና የተወለደው ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ቶዮታ የመጀመሪያውን መኪና ያስፈተነው በፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ በማስወጣት ነበር። ከዚያ በፊት ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ወጥቶ መንግሥት መሥሪያ ቤቱንም፣ ገጠሩንም ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ቶዮታ ላንድክሩዘሩን ለቤተሰብ እንዲመች አድርጎ ባለ ስቴሽን ዋገን አካል አወጣ። ከዚያ ጀምሮ የዘር ግንዱ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ሰባዎቹ የሚባለው ነው፤ እኛ አገር ሀርድቶፕ የምንለው፤ ቀጥ ያለ መስታወት፣ እንደ ሳጥን የተቆረጠ ጎን፣ ከኋላ ለሁለት የሚከፈት በር። ሁለተኛው ቅርንጫፍ ትውልድ በተለወጠ ቁጥር እየወፈረ፣ እየተለሳለሰ፣ እየከበረ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለት መቶ የሚባለው ሆነ። እኛ ሞዴሉን ትተን በሞተሩ ጠራነው፤ «ቪኤይት»።

የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ስማቸውም አንድ ነው። አንደኛው አምቡላንስ ሆነ፤ ሁለተኛው ባለሥልጣን።

ይህን በደንብ የሚያዩት ቡሌ ላይ ነው። ዲላ ድረስ፣ 360 ኪሎ ሜትር ገደማውን፣ አስፋልቱ ያደርሳችኋል። ከዲላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስትታጠፉ ግን መንገዱ ይወጣል እንጂ አይሄድም። ዲላ ላይ ጃኬቱን ያወለቀ ሰው ቡሌ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። ቡናው ከታች ይቀርና እንሰቱ ይገንናል፤ ገብሱ ይመጣል፤ ጉሙ ከዛፍ ዛፍ ይሄዳል። የጌዴኦ ሰው ከዳገት ጋር የተዋዋለበት መንገድ ነው ያ የእንሰት፣ የቡናና የዛፍ እርሻ፤ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ለዚህ ነው። አፈሩ በሥር ተይዟል። መንገዱን ግን የያዘው ሥር የለም። ክረምት ላይ ያ ቀይ አፈር ውሃ ሲጠጣ ሳሙና ነው።

እኔ ያንን መንገድ በተለያየ ዘመን በተለያየ መኪና ወጥቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜም ከፒካፕ ኋላ ከጆንያ ጋር። ያየሁትን ልንገራችሁ። የቤት መኪና ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ዲላ ላይ አቁሞ፣ ለዘበኛ አደራ ሰጥቶ፣ ከሰው ጋር ተጋፍቶ ይወጣል። ሆዷ መሬት የሚልስ መኪና እስከ ዘመድ ቤት አታደርስም፤ የምታደርሰው ዘመድ እስከሚሰማበት ድረስ ነው። «መኪና ይዞ መጣ» ይባልለታል፤ መኪናዋን ግን ያያት የለም። ያ ሰው በዚያው ገንዘብ አሮጌ ፒካፕ ቢገዛ እናቱ ደጃፍ ያቆም ነበር። አይገዛም። ፒካፕ የሠራተኛ መኪና ናታ! ሁለት ጋቢና ስትሆን እንኳ «የድርጅት ነች?» ተብሎ ይጠየቃል።

ቡሌ የታመመ ሰው ጥንት የሚወርደው በቃሬዛ ነበር። ሁለት አጠና፣ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ፣ አራት ጠንካራ ትከሻ፣ ተለዋዋጭ አራት ደግሞ ከኋላ። በእኔ ግምት ለዚያ መንገድ ተስማምቶ የተሠራ የመጀመሪያው «አካል» ይኸው ቃሬዛ ነው፤ ዳገት ላይ የፊቶቹ ዝቅ፣ የኋላዎቹ ከፍ ያደርጋሉ፤ በሽተኛዋ ሁልጊዜ ልክ ሆና ትተኛለች። ከ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ወዲህ ለየወረዳው አምቡላንስ የማዳረስ ዘመቻ ሲደረግ ቃሬዛውን የተካችው ያችው ሀርድቶፕ ናት። ረጅም ናት፤ አልጋው በቁመቷ ይገባል፤ አስታማሚው በጎን ይቀመጣል። ናፍጣ ሞተሯ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ ኤሌክትሮኒክስ የሚሉት ጣጣ የለባትም፤ ዲላ ጋራዥ ውስጥ በመፍቻ ትድናለች። መልከ ቀና ናት አይባልም። ምቹም አይደለችም፤ ባሌስትራዋ ድንጋይ ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት በእሷ ስትወርድ እያንዳንዱን ጉድጓድ ትቆጥረዋለች። ግን ትወርዳለች። መኪናዋ ለሌላ ሥራ ከተላከች ወይም ጎማ ካጣች ደግሞ ቃሬዛው ከማጀቱ ይወጣል።

ወንድሟ ቪኤይትም ወደ ቡሌ ይወጣል፤ እውነቱን ለመናገር አሳምሮ ይወጣል። ዳገት መውጣት የሚያቅተው መኪና አይደለም። ስምንት ሲሊንደሩ ገደሉን እንደ አስፋልት ያየዋል። ጥያቄው ሌላ ነው። ጎኑ ወደ ሁለት ሜትር የተጠጋ፣ ክብደቱ የበዛ፣ ዋጋው የብዙ አምቡላንስ እናት የሆነ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ከቢሮ ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ወደ ሆቴል ሲመላለስ ከኖረ የተገዛው ለዳገቱ አልነበረም ማለት ነው። ሲገዛ ግን ምክንያቱ ላይ የተጻፈው ዳገቱ ነው። «የመስክ ሥራ» ተብሎ። በቅሎዋ ትዝ አለቻችሁ? አባትሽ ማነው ሲሏት እናቷን ነው የምትጠራው። ቪኤይትም ግዢ ክፍል ፊት ሲቀርብ የሚጠራው ታታሪዋን እህቱን ነው፤ ገጠር፣ ጭቃ፣ ወንዝ ይላል። ከተማ ሲገባ ደግሞ እህቱን አያውቃትም።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አዋሳኝ የደረሰውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቤቱን ጥሎ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየጭቃው ላይ ፈሰሰ። ያን ጊዜ እህል የጫነው፣ ድንኳን የጫነው፣ ሰው የጫነው የጭነት መኪና ነበር። ከተማ ላይ አልቃይዳ ያልነው እዚያ ላይ እንጀራ አቅራቢ ሆነ። ጎብኚም መጣ፤ ጎብኚው የመጣበትን የመኪና ዓይነት እኔ ባልነግራችሁም ታውቁታላችሁ። ብርድ ልብስ ለብሶ በር ላይ የቆመ ሰው የጥቁር መስታወት መኪና ሲደርስ የሚያየው የራሱን መልክ ነው። የውይይቷን ፊት ለፊት ወንበር ናፈቅሁ።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ ነው እንዳትሉ። አሜሪካን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መግቢያ ላይ ክራይስለር ሚኒቫን የሚባለውን አወጣ። በሩ በጎን ይንሸራተታል፤ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ልጅ በራሱ ይወጣበታል፤ ሰባት ሰው ከነጓዙ ይዞ ይሄዳል። ቤተሰብ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ቅርጽ እስካሁን አልተሠራም ቢባል ማጋነን አይደለም። ግን «የእናቶች መኪና» የሚል ስም ወጣለትና ወጣት አባትና እናት ሁሉ ሸሹት። ወደ ምን ሸሹ? ተራራ ለመውጣት ወደ ተሠራ ከፍ ያለ መኪና፤ ተራራ በሌለበት ከተማ። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን ግን ሂሳቡን ያውቁታል። ታክሲ ሲነዱ የሚመርጡት ነዳጅ የማትበላዋን ፕሪየስ ወይም ሰፊዋን ሚኒቫን ነው። ለእረፍት አገር ቤት ሲመጡ ደግሞ ከፍ ያለ ካልተከራዩ ቤተሰብ ያዝንባቸዋል። በ1990ዎቹ ከውጭ ለሚመለሰው መኪና ያለ ቀረጥ እንዲያስገባ በተፈቀደበት ጊዜም የመጣው ሁሉ ለሥራ የመጣ እንዳልነበር ሠፈራችሁን ጠይቁ።

ሰርግ ላይ ደግሞ ሁለቱ ዓለማት አብረው ይሰለፋሉ። ሙሽራዋ በተንቆጠቆጠ ሊሞዚን ውስጥ ናት። ካሜራ ያነገበው ልጅ ግን ከፊቷ ፒካፕ ኋላ ላይ ቆሞ፣ ወይም የመኪና ኋላ ተከፍቶለት እግሩን አንጠልጥሎ ነው የሚሄደው። የሊሞዚኗን ውበት ዓለም እንዲያይ ፒካፕ ታስፈልጋለች። በቪዲዮው ላይ ግን ፒካፗ የለችም፤ ካሜራው ራሱን አይቀርጽም።

ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት ስንመጣ የመኪና ቅርጽ ምርጫችን በሕግ ተነካ። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪና ላይ የተጣለው ታክስ፣ ለቆዩት እስከ 500 በመቶ የሚደርሰው፣ ቪትዝ ገዝቶ ኑሮውን ሊያቃና ያሰበውን መምህርና ነርስ ነው በመጀመሪያ የመታው። ቪትዝን የሚንቅ ሰው ይበሳጨኛል። በአንድ ሊትር ሞተር ከእነ ልጆቹ ቤተሰብን ትምህርት ቤት፣ ሥራ፣ ለቅሶ ያደረሰች መኪና ናት፤ ኋላዋ ስለተቆረጠ ትንሽ መቆሚያ ይበቃታል፤ ለከተማ ሰው የዘመኑ በቅሎ እሷ ናት። ታይታ የላትም ብለው ባለቤቶቿ እንኳ «ለጊዜው ነው» ይሏታል። አሥር ዓመት ለጊዜው ነው!

ከዚያ በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ያላሰብነው ሆነ፤ አዲስ አበባ በቻይና በተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች ተጥለቀለቀች። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛና መብራቱን ከራሱ ወንዝ ለሚያገኝ አገር ነገሩ ስሌት አለው፤ አልክድም። ከመጡት መካከል ጎልተው የሚታዩት ግን ትንንሾቹ አይደሉም። ከፍ ያሉት፣ ግንባራቸው የሰፋው፣ መስታወታቸው የጠቆረው ናቸው። ከሁሉ የሚገርመኝ አይዲ ሲክስ የተባለችው ትልቋ መኪና ቮልስዋገን መሆኗ ነው። ያች ጃንሆይን ያስጎነበሰች የሕዝብ መኪና በሃምሳ ዓመቷ ሦስት ረድፍ ወንበር ይዛ፣ ባለጸጋ አሳፍራ ተመለሰች። እናቷን ብትጠየቅ ማንን እንደምትጠራ እንጃላት።

ባትሪ ወለል ስር የሚነጠፍ ነውና እነዚህ መኪኖች ከላይ ከፍ ብለው ቢታዩም ክብደታቸው ያለው ታች ነው። ለአስፋልት ይህ በጎ ነገር ነው። ድንጋይ ለሚያጎን መንገድ ግን ስስ ሆድ ነው፤ ያውም ከመኪናው ሁሉ ውዱ ዕቃ እዚያው ሆድ ውስጥ ተኝቶ። ዋና ከተማዋ የምትመርጠው ቅርጽ ውሎ አድሮ አሮጌ ሲሆን ወደ ክፍለ ሀገር ይወርዳል፤ ከሰይቼንቶ ጀምሮ ልማዱ ይኸው ነው። ዛሬ ቦሌ የተገዛችው ከአሥር ዓመት በኋላ ዲላ ትደርሳለች። ቡሌ ዳገት ላይ የሚሠራ ቅርጽ ግን በዚያ ወረፋ ውስጥ አላየሁም፤ ለሀርድቶፗም ተተኪዋ ማን እንደሆነች እስካሁን የተናገረ የለም።

በቅርቡ ዲላ ላይ አንዲት እንዲህ ያለች አዲስ መኪና ቆማ ሰው ከቧት ነበር። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ጣሪያዋ ሙሉ መስታወት እንደሆነ፣ ስክሪኗ እንደሚዞር፣ በሯ ሰው ሲጠጋ እንደሚያውቅ እያሳየ ያስረዳል። ከቡሌ ወርደው ገበያ የዋሉ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ሁሉንም አዳመጡ። ዞረው ኋላዋን አዩ፤ ጎንበስ ብለው ሆዷን አዩ። ከዚያ ቀና አሉና፣

«ፖርቶ መጋላዋስ?» አሉት።

«ጣሪያዋ መስታወት ነው አባባ፤ ሰማይ ታሳያለች።»

«ሰማዩንማ ቡሌ ላይ እናየዋለን ልጄ። ገብሱን የት ላድርገው?»